ክዳኑን አምኜ የማልኩ ዕለት

ከሁሉ በፊት ልናዘዝ፤ የእኔን ወሬ ሰምታችሁ ገበያ አትውጡ። አንድ ድመት ካየሁ ሦስት ነብር ብዬ ነው የማወራው። ዝናብ ካካፋ መርካቶን በጀልባ ተሻገርኩ እላለሁ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ተካ ነው፤ መርካቶ ግን ጠባዬን ስታውቅ «ጨምሬ» አለችኝ፤ እስከ ዛሬም በዚሁ እጠራለሁ። የዛሬውን ግን ሳልጨምር ልነግራችሁ እሞክራለሁ። ለምን እንደምሞክር እየቆያችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ሚሌኒየሙ ካለፈ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናል፤ መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ዘመን። እኔ ከሸማ ተራ ጀርባ ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ሱቄ ከመጥበቧ የተነሣ ሐሳቤን ለመቀየር እንኳ ኮሪደር መውጣት ነበረብኝ። ጎረቤቴ ቻርጀርና ባትሪ የሚሸጠው ከማል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስንሰዳደብ ውለን ማታ ተቃቅፈን የምንለያይ ሰዎች ነበርን።

የሙያውን ምሥጢር ልንገራችሁ፤ አሁን ማንም ስለማይከሰኝ። ያኔ ከዱባይ በሻንጣ የሚገቡት አሮጌ ላፕቶፖች ግማሾቹ ክዳናቸው የተሰበረ፣ ግማሾቹ ሆዳቸው የተቃጠለ ነበሩ። እኛ እናጋባቸዋለን። የአንዱን ደህና ክዳን ከሌላው ደህና ሆድ ጋር ገጥመን፣ ወልውለን፣ «እንደ አዲስ ነው» ብለን እንሸጣለን። የማሽኑ ስምና ቁጥር የሚጻፈው ስክሪኑ ጥግ ላይ ነው፤ ስለዚህ ክዳኑ ሲሄድ ስሙም አብሮት ይሄዳል። ሆዱ ግን የሌላ ሰው ልጅ ነው። የከፈትነውን ማሽን በኋላ ሌላ እጅ ነክቶት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ብሎኑ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ እናደርጋለን። የከማል ቀለም አረንጓዴ ነው። የእኔ ቀይ። ይቺን ቀይ ያዙልኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጄ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሊኑክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር በሲዲ ሰጥቶኝ፣ እንደ አዲስ አማኝ ሰው በየመንገዱ መስበክ ጀምሬአለሁ። ከተማው በሙሉ የሚሠራው በተሰረቀ ዊንዶውስ ነው፤ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ቫይረስ ይገባል። እኔ «ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም፣ ሙት ያስነሣል» እላለሁ። ከማል ደግሞ ይስቃል።

«ያንተ ሊኑክስ እንደ ክፉ አማች ነው» ይለኛል። «ቤቱን ላስተካክል ብሎ ይገባና ከግማሹ ቤተሰብ ጋር አይነጋገርም።»

እውነቱን ነው። ላፕቶፕ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች የሚሠሩት ፋብሪካዎች የሚያስቡት ለዊንዶውስ ነበር። ሊኑክስ አንዱ ማሽን ላይ ዋይፋዩን አያውቀውም፣ ሌላው ላይ ድምፁን፤ አንዳንዱ ደግሞ ክዳኑን ስትዘጉበት ይተኛና ላይነሣ ይተኛል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመጫን በፊት አንዲት ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፤ ማሽኑ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ይናዘዝላችኋል። አፍንጫ ለመናፈጥ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

ሰኞ ጠዋት መስፍን መጣ። መስፍን የጋሼ ረታ ልጅ ነው፤ ጋሼ ረታ ደግሞ ሸማ ተራ ውስጥ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ነጠላና ጋቢ የሸጡ ሰው ናቸው። ላፕቶፑን በፌስታል ይዟል። እንደ ልማዴ ልቀልድበት አፌን ስከፍት እጁን አነሣ።

«ተካ፣ ዛሬ ቀልድ የለም። አባባ ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ይገባል። ጉሮሮው ነው። ድምፅ የሚሰጠውን ነገር ሙሉ በሙሉ ነው የሚያወጡት። ከዚያ በኋላ… አይናገርም።»

ቁጭ አልኩ። የምቀመጥበት ባይኖርም ቁጭ አልኩ።

«ዘነበችስ?»

«ከመተማ ተነሥታለች። ረቡዕ ነው የምትደርሰው። ሐኪሞቹ አንድ ቀን አይጠበቅም አሉ።»

ዘነበችን የሸማ ተራ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አባቷ ካጩላት ሰው ሸሽታ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ኮበለለች። ያን ዕለት ጋሼ ረታ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው፣ ተራው ሁሉ እየሰማ፣ «ድምፄ ዳግም ጆሮዋ አይግባ!» ብለው ረገሟት። ለሠርጓ ያሠሩትን አረንጓዴ ጥለት ነጠላም «ለመጀመሪያው አላፊ ሸጥኩት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሟን ያነሣ የለም። ዘነበች ግን ሁለት ፅንስ ጨንግፎባት፣ ባሏ መኪና ገልብጦ እግሩ ተቆርጦ፣ ክፉ ነገር በደረሰባት ቁጥር ለወንድሟ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትልከው፤ «አባባ ያንን ቃል ያንሣልኝ።»

«አሁን ሊያነሣላት ነው» አለ መስፍን። «በአፉ ሊመርቃት። ቅረጽልኝና ስትመጣ ትየው፣ ትስማው።»

«በስልክ ለምን አይሏትም?»

«'በስልክ አልረገምኳትም፣ በስልክ አልመርቃትም' አለ። ደግሞ ድምፁ አልቋል፤ በስልክ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። እሷም አውቶቡስ ላይ ናት፤ ኔትወርክ የለም።»

የእኔ ስልክ ያኔ ትልቁ ችሎታው ባትሪ ማብራት ነው። ሱቄ ያሉት ማሽኖች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተፈታትተው ተኝተዋል። የመስፍንን ላፕቶፕ ከፈትኩት፤ ቫይረሱ ከመብዛቱ የተነሣ ካሜራውን ክፈት ስትሉት የካልኩሌተር መስኮት ይከፍታል። ስክሪኑ ጥግ ያለውን ስምና ቁጥር አየሁ። አወቅኩት!

«ይቺን? ይቺን ሞዴልማ ሊኑክስ የጫንኩባት መቶ ጊዜ ነው!» አልኩ። (አራት ጊዜ ነው።) «ካሜራዋም ድምፅዋም እንደ ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው የሚሠራው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አባቴ ይሙት!»

የማን አባት እንደሚሞት ማን ያውቃል።

ከማል በሩን ተደግፎ ያያል። ዊንዶውሱን ጠራርጌ ሊኑክስ ስጭን ሳለ፣ «ሆዷን አይተሃል?» አለኝ።

«ስሟ ተጽፏል እኮ።»

«ስም? መርካቶ ውስጥ? አንተ ራስህ ስንቱን አጋባህ!»

«ከማልዬ፣ አንተ ቻርጀርህን ሽጥ» አልኩት። ካሜራውን ከፈትኩት፤ ፊቴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አማርኩኝ እንኳ። ዘጋሁትና ተነሣን።

የጋሼ ረታ ቤት አማኑኤል ሰፈር ነው። እዚያ መብራት የሚሄደው ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፣ ከግድግዳው ከተነቀለ ያልቅለታል። የደረስነው ስምንት ተኩል ላይ ነው።

ጋሼ ረታ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ትራስ ደግፏቸው ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ጋቢው ነው የለበሳቸው። ሲያዩኝ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጆሮዬን አፋቸው ድረስ ወሰድኩት።

«ጨምሬ… ዛሬ ምንም እንዳትጨምር።»

«አልጨምርም ጋሼ። ዛሬ የሚናገሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

መስፍንን በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱት። «የእሷን ለእሷ ነው የምነግራት» አሉ። ወጣ። በሩን ዘጋሁ። ላፕቶፑን ወንበር ላይ፣ ወንበሩን አልጋው ፊት አደረግኩ። ምስላቸው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ዐይናቸውን አጠበቡና፣ «ይሄ ሽማግሌ ማነው?» አሉ። ሳቅን። ሳቁ ደግሞ ያስላቸው ጀመር፤ ሳላቸው እስኪበርድ አምስት ደቂቃ ሄደ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ለሙከራ አንድ ቃል ይበሉና ልስማው።»

ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ የለኩ ሰው አይደሉ? «የቀረኝ አንድ ክንድ አይሞላም ልጄ… ናሙና አልቆርጥም።»

እኔ በራሴ ድምፅ «አንድ፣ ሁለት» ብል ምን ነበረበት? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳቀረብኩት ብነግራችሁ ሳልጨምርም አታምኑኝም። ግን ስሟ ተጽፏል። ምስሉ መጥቷል። ሰዓቱ እየሄደ ነው። መቅረጫውን ጫንኩት። ቀይዋ ነጥብ በራች፣ ሰከንዱ መቁጠር ጀመረ።

ጋሼ ረታ ወደ ካሜራው ጎንበስ ብለው መናገር ጀመሩ። በሹክሹክታ ነው፤ ግን ከጎናቸው ስለሆንኩ ይሰማኛል። ይሰማኝ ነበር ልበል። ምክንያቱም እኔ የማየው ቆጣሪውን ነው። የማስበው መብራቱን ነው። መብራቱ ሳይሄድ ይጨርሱ ይሆን? ወንበሩ ያዘነብል ይሆን? አንድ ጊዜ በመንገድ ላይ ቆራሌ ሲጮህ ድምፁ እንዳይገባ ብዬ በዐይኔ መስኮቱን ልዘጋው ምንም አልቀረኝም። ትንፋሼን ያዝኩ። ማሽኑ እየሰማልኝ ነው ብዬ የራሴን ጆሮ አሳረፍኩት። መጨረሻ ላይ ቀኝ እጃቸውን አነሡ፣ ከንፈራቸው ቶሎ ቶሎ ተንቀሳቀሰ፣ እጃቸውን አወረዱና ዞረው እኔን አዩኝ። ዝም ብዬ አየኋቸው። እንደገና አዩኝ። ዐሥራ አንድ ደቂቃ። ቪዲዮውን አስቀመጥኩት። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ድርግም አለ፣ ላፕቶፑም አብሮት።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገባ ጋሼ! ትንፋሽዎ ሳይቀር ነው የገባው!»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ዕረፍት አልገልጸውም፤ ብገልጸው እጨምርበታለሁ።

ቪዲዮውን ሲዲ ላይ ልገለብጠው ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። መርካቶ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ድረስ ጨለማ ነው። ለከማል «አየህ፣ ሊኑክስ የአባትና ልጅ እርቅ አወረደ» ብዬ ስጎርር አመሸሁ።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ። ከፈትኩት። ጋሼ ረታ መጡ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ዝም። ድምፁን ጨመርኩ። ዝም። ስፒከሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አንድ ዘፈን ከፈትኩ፤ ሕንፃው እስኪነቃነቅ ጮኸ። ወደ ጋሼ ረታ ተመለስኩ። ዝም። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከንፈር ብቻ።

ያቺን ትእዛዝ የጻፍኳት ያኔ ነው። ማሽኑ ተናዘዘ፤ ውስጡ ያለው ከክዳኑ ስም ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ገለበጥኩት። የማጠፊያው ብሎን ላይ፣ አቧራ የሸፈናት፣ ቀይ ጠብታ አለች።

የእኔ ቀይ።

አስታወስኩት። ባለፈው ክረምት ነው። ክዳኑን ከአንዱ፣ ሆዱን ከሌላው ወስጄ አጋብቼ፣ ለማላውቀው ሰው ሸጥኩት። መርካቶን ዞሮ ዞሮ መስፍን እጅ ገባ፤ ከመስፍን እጅ ተመልሶ እኔ ጋ መጣና በራሴ ክዳን ራሴን አታለለኝ። ክዳኑ ላይ፣ ከካሜራው ጎን፣ ማይክ አለ፤ ግን ሽቦው ከዚህ ሆድ ጋር ስለማይገጥም እኔው ቆርጬዋለሁ። የሆዱ ማይክ ኪቦርዱ ሥር ነው። የድሮው ዊንዶውስ የሆዱን ያውቅ ነበር። ሊኑክሱ ግን ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ በተቆረጠው ጆሮ ሲያዳምጥ ነበር። «በዚህኛው ስማ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነበረች የጎደለችው። ጻፍኳት። «አንድ፣ ሁለት» አልኩ። ድምፄ ጥርት ብሎ ተመለሰልኝ፤ እንደዚያ ቀን ድምፄን ጠልቼው አላውቅም።

ላፕቶፑን ታቅፌ ሮጥኩ። ከማል «ምን ሆነሃል?» እያለ ከኋላዬ ይጮኻል። የታክሲው ሰልፍ ሲያስፈራኝ ግማሹን መንገድ በእግሬ ሄድኩ፤ ኩሊዎቹ ዕቃ ተሸክሞ የሚሮጥ ሌባ መስዬአቸው ሁለት ጊዜ ያዙኝ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ስደርስ መስፍን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ገባ» አለኝ። «ሩብ ሰዓት ሆነው።» ከዚያ ላፕቶፑን አየና ፊቱ በራ። «ይዘኸው መጣህ? ጎሽ! ዘነቡ ስትደርስ እንከፍትላታለን።»

መንገር ነበረብኝ። አፌ ዕድሜ ልኩን ያልተነገረውን ሲናገር ኖሮ፣ መናገር የነበረበትን ዕለት ተዘጋ። ለራሴም አልኩት፤ ይወጣሉ። ድምፅ ባይኖራቸው የሚነቀንቁት ራስ አላቸው፤ እኔ የሰማሁትን እናገራለሁ፣ እሳቸው ይነቀንቃሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወጣ። ልባቸው አልቻለም።

ረቡዕ ጠዋት ዘነበች፣ መስፍን ተቀብሏት ስለ ሞታቸውም ስለ ቪዲዮውም ነግሯት፣ ከአውቶቡስ ተራ ቀጥታ ወደ ድንኳኑ መጣች። አቧራ የለበሰች፣ ቀጭን ሴት። አላለቀሰችም። የቀብሩ ሰዓት ዘጠኝ ነበር። ለቀስተኛውን አልፋ ወደ ጓዳ ገባችና፣ «ቪዲዮው የታለ?» አለች። ሦስታችን ብቻ ሆንን፤ እሷ፣ መስፍንና እኔ። ከፈትኩላት። ሌላ ምን ላድርግ?

አየችው። የአባቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች። ጥቂት ጠብቃ፣ «ድምፅ ስጠው» አለች።

«ድምፅ የለውም፣ እህቴ።»

«ምን?»

ነገርኳቸው። ክዳኑን፣ ሆዱን፣ ቀይዋን ጠብታ። መስፍን ሊመታኝ ተነሣና እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ዘነበች ዐይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። «ዳግም ጆሮዋ አይግባ አላለም?» አለች ቀስ ብላ። «ይኸው አልገባም።»

«እኔ እዚያው ነበርኩ» አልኩ። «እኔ ሰምቻለሁ።»

ዞራ አየችኝ። «ምን አለኝ?»

ጀመርኩ። «ልጄ ዘነበች አሉ፣ እግርሽ የረገጠው ይለምልም፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ማኅፀንሽ እንደ ወይን ያፍራ፣ እኔ የተናገርኩትን ነፋስ ይውሰደው፣ ዘርሽ እንደ ሰማይ ከዋክብት—»

«ተካ» አለ መስፍን። «ከዋክብት አለ? አባባ?»

ዐይኔን ከእሱ ወደ ስክሪኑ መለስኩ።

«እየጨመርክ ነው» አለኝ። በቁጣ አልነበረም፤ በድካም ነበር።

ዘነበች ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ወንድሜ፣ ያልጨመርክበትን ብቻ ንገረኝ። አንድ ቃልም ትሁን።»

አንድ በአንድ እንደ ብሎን መፍታት ጀመርኩ። ከዋክብቱን አወጣሁ። ወይኑን አወጣሁ። ይለምልም ያሉ ይመስለኛል፤ ግን የአጎቴ ምርቃትም እንደዚያ ነው። ነፋስ ይውሰደው ብለው ይሆን? ወይስ እኔ እንዲሉ ስለፈለግኩ? ቆጣሪውን ነበር የማየው። በመጨረሻ ሆዱ ባዶ ሆኖ አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፤ እኔ ልፈጥራት የማልችል፣ ለምርቃትም የማትመስል።

«'አረንጓዴዋን አልሸጥኳትም' አሉ። 'ከታች ናት' አሉ።»

ዘነበች እጇን አፏ ላይ አደረገች።

መስፍን የሱቁን ቁልፍ ይዞ ወጣ። ሲመለስ ያረጀ የሲሚንቶ ወረቀት ይዟል፤ ሱቁ ውስጥ የመጨረሻው መደርደሪያ ሥር፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነበር። ነጠላዋ አረንጓዴ ጥለት ነበራት፤ እጥፋቷ ላይ ብል በልቷታል። ዘነበች ዘረጋቻት፣ አየቻት፣ ለበሰቻት። ለሠርግ እንደሚለበሰው ሳይሆን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው። የሠርግ ነጠላዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰችው አባቷን ስትቀብር ነው።

ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እርግማኑን አነሣው?»

«አዎ» አልኩ።

«ሰምተህ ነው አዎ ያልከው፣ ወይስ ጨምረህ?»

እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። በዚያው ሳምንት ወደ መተማ ተመለሰች።

እናንተ የምታነቡኝ፣ አሁንም እቀልዳለሁ፤ አሁንም ድመቴ ነብር ናት። ይህ በሽታ አይድንም። ግን ላፕቶፕ ሲመጣልኝ ክዳኑን አላነብም፤ መጀመሪያ ሆዱን አናዝዘዋለሁ። ከማል «ሽማግሌ ሆንክ» ይለኛል። ክዳንና ሆድ ማጋባትም ትቻለሁ። ይህን እንደ ጀብዱ አትቁጠሩልኝ፤ ያቺን ቀይ ቀለም ብልቃጥ መልሼ መክፈት ስላልሆነልኝ ነው። ሰው ሲያናግራችሁ ደግሞ፣ መሣሪያ ይስማልኝ ብላችሁ ጆሮአችሁን አታሳርፉ። ሌላ ምክር የለኝም።

ቪዲዮው አሁንም እኔ ጋ አለ። በየዓመቱ በሙት ዓመታቸው ቀን ብቻዬን ከፍቼ ከንፈራቸውን ለማንበብ እሞክራለሁ። ብዙውን አላውቀውም። መጨረሻውን ግን አውቄዋለሁ፤ ለማወቅ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። እጃቸውን ያነሣሉ፣ ይመርቃሉ፣ ያወርዳሉ፣ ከዚያ ዞረው ያዩኛል። እንደገና ያዩኛል። «ገባ ወይ?» ሊሉኝ ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። እሷ በሌለችበት፣ መስፍን በወጣበት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ አሜን የሚል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱን ነበር የሚጠብቁት።

እኔ ደግሞ ድምፄ እንዳይገባ ብዬ ዝም አልኩ።